ሳይፈታ የቀረው ዲፈረንሻል

አቶ ሽፈራው ወደ ሸዋ ሮቢት የመጣው በ1963 ዓ.ም. ሰኔ መጨረሻ ላይ፣ ነጭ ካልሲ አድርጎ ነው። በዚያ ወቅት፣ በዚያ ጭቃ፣ በነጭ ካልሲ ከመኪና የሚወርድ ሰው ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ ለማወቅ ሁለተኛ ነገር ማየት አያስፈልግም። እኔ ግን ሁለተኛውንም ሦስተኛውንም አይቻለሁ።

ተክሌ እባላለሁ። ያኔ ከሮቢ ወንዝ ማዶ በነበረ የጥጥ እርሻ ሾፌር ነበርኩ። ባለቤቱ አዲስ አበባ ተቀምጠው በዓመት ሁለት ሦስት ጊዜ ብቅ የሚሉ ሽማግሌ ደጃዝማች ናቸው። ከሽፈራው በፊት ሦስት ሥራ አስኪያጆች አሳልፌአለሁ። አንዱን ወባ፣ አንዱን መጠጥ፣ ሦስተኛውን ደግሞ ሁለቱም ተጋግዘው ወስደውልናል። ለሁሉም ጎንበስ ብዬ በር ከፍቻለሁ፤ ከመካከላቸው ግን ያከበርኩት የለም። ሽፈራውን ከሁሉም የባሰ ያደረገው ትምህርቱ ነው። ውጭ አገር ሁለት ዓመት ተቀምጦ እርሻ ተምሯል ተባለ። ስለ ጥጥ ምን ያህል እንደሚያውቅ መመስከር አልችልም። ስለ መኪና ምንም እንደማያውቅ ግን በመጣ በሁለተኛው ቀን አወቅሁ።

አብራው አዲስ ጂፕ መጥታ ነበር፤ አራቱም ጎማዎቿ ይስባሉ የተባለላት። ሽፈራው የሠራተኛ አለቆቹን ሁሉ ግቢው ውስጥ ሰብስቦ፣ ከእንግዲህ ክረምት መንገድ ዘጋብን የሚል ሰበብ እንደማይሰማ ነገራቸው። የምትቆምበት መሬት ገና አልተፈጠረም አለ። ኮፈኗን እንደ በቅሎ አንገት መታ መታ አደረጋት። አለቆቹ አጨበጨቡ፤ እኔም አጨበጨብኩ።

እርሻውን ከዋናው መንገድ የሚለየው ስድስት ኪሎ ሜትር ዋልካ ነው። ይህ ጥቁር አፈር በበጋ ተሰነጣጥቆ የሰው እግር ይውጣል፤ ዝናብ ሲጠጣ ደግሞ የረጠበ ሳሙና ነው። ሐምሌ በገባ በሁለተኛው ሳምንት ሽፈራው መሪውን ራሱ ይዞ፣ እኔን አጠገቡ አስቀምጦ ወጣን። ሁለት ኪሎ ሜትር ሳንሄድ የኋላው ቀኝ ጎማ ከመስኖ ቦይ ውስጥ ገባ፤ ጂፒቱ ስታጋድል የፊቱ ግራ ጎማ ከመሬት ተነሳ። ሽፈራው ነዳጁን ረገጠ። የተነሳው ጎማ አየር ላይ፣ ቦይ ውስጥ ያለው ጭቃ ላይ እንደ ወፍጮ ዞሩ። ሌሎቹ ሁለቱ፣ መሬቱን አጥብቀው የያዙት፣ ንቅንቅ አላሉም።

ከጥጡ መሀል አሥራ ሁለት አራሚዎች ተጠርተው ገፉ። ሽፈራው ነዳጅ በረገጠ ቁጥር ጭቃው ተፈናጥሮ ፊታቸው ላይ ይለጠፋል። ወርዶ አያቸውና ማሽላ ብቻ የበላ ክንድ ኃይል ከየት ያመጣል አለ። ከገፊዎቹ አንዱ ነጅሙዲን የሚባል ጢሰኛ ነበር፤ አፉ ውስጥ የገባውን ጭቃ ዘወር ብሎ ተፋና ሄደ። ከግማሽ ሰዓት በኋላ በሬዎቹን ጠምዶ መጣ። የምትቆምበት መሬት አልተፈጠረም የተባለችውን ጂፕ ሁለት በሬ ጎትቶ አወጣት። ሽፈራው አላመሰገነም። እኔ በሩን ይዤ ቆሜ ነበር፤ ከውጭ ፊቴ ያዘነ ይመስላል፣ ከውስጥ ግን ዓመት በዓል ነበር።

ለሦስተኛ ጊዜ በተቀረቀርን ቀን አብዱረዛቅን እንዳመጣ ወደ ጀውሃ ተላክሁ።

አብዱረዛቅ ጀውሃ ላይ፣ ካሚዮኖች ከሚቆሙበት ሜዳ ዳር፣ አራት ቆርቆሮ የለበሰ ጋራዥ ነበረው። አርጎባ ነው፤ ሠላሳ አምስት ዓመት ቢሆነው ነው። አሰብ መንገድ ላይ በመንገድ ሥራ ካምፕ ስምንት ዓመት ሠርቶ፣ የከባድ መኪና ሆድ ዕቃ እዚያ ተምሮ ነው የተመለሰው። ቁመቱ አጭር፣ ንግግሩ ጥቂት ነው፤ ሰው ሲያናግረው ዓይኑ የሚያየው የሰውየውን እጅ ነው፣ ምን እንደሠራ ለማወቅ ይመስል። በዕድሜ ስለምበልጠው እኔን ጋሼ ይለኝ ነበር።

መጥቶ ሽፈራውን ሰላም አለና ጭቃው ላይ በጀርባው ተኛ። አንድ ጊዜ ነዳጅ እንድሰጥ አዘዘኝ፤ አየ። ተነሥቶ እጁን በሣር ጠረገ።

“ጌታዬ፣ ይህች አራት ጎማ የምትስብ አይደለችም” አለው። “እንዲህ ባለ ቦታ ሁለት ናት፤ ከፊት አንድ፣ ከኋላ አንድ።”

ሽፈራው ሳቀ። አብዱረዛቅ ሳቁ እስኪያልቅ ጠበቀና አስረዳው። ከኋላም ከፊትም፣ በሁለቱ ጎማዎች መሀል ዲፈረንሻል አለ። መኪና ሲታጠፍ የውጪው ጎማ ከውስጠኛው የበለጠ መንገድ ይሄዳል፤ ስለዚህ ሁለቱ በየፊናቸው እንዲዞሩ የሚፈቅድላቸው እሱ ነው። ደረቅ መንገድ ላይ ያለ እሱ አይሆንም። ጭቃ ላይ ግን ያው ፈቃድ ጠላት ይሆናል፤ አንዱ ጎማ መያዣ ካጣ፣ ዙሩ ሁሉ በቀላሉ ወደሚሽከረከረው ይሸሻል፣ መሬት የያዘው ጎማ ቆሞ ይቀራል።

“ሁለቱን አንድ ላይ የሚያስር መቆለፊያ አለ” አለ። “የጦር ካሚዮኖች ላይ አይቻለሁ፤ ፈትቼም ገጥሜአለሁ። ሲቆለፍ አንዱ ካልዞረ ሌላው አይዞርም፤ መሬት የያዘው ጎማ መኪናዋን ይዞ ይወጣል። ከተጣለ ካሚዮን ያወጣሁት ጋራዤ ውስጥ አለ። ለኋላዋ አስተካክዬ ልገጥምልዎ እችላለሁ።”

ሽፈራው ወደ እኔ ዞረ፤ ለእሱ መመለስ እንኳ አልፈለገም። “ፋብሪካ ያላሰበውን የጀውሃ ቀጥቃጭ ሊያስብልኝ ነው?” አለኝ።

ምን ልበል፣ ፈገግ አልኩ። ፈገግታዬ በሽፈራው ድንቁርና ነበር፤ አብዱረዛቅ ግን ያየው በእሱ ላይ የተሳቀ ሳቅ ነው። መፍቻዎቹን በጆንያው ጠቅልሎ፣ ወደ ዋናው መንገድ በእግሩ ሄደ። ጂፒቱን እንደገና የነጅሙዲን በሬዎች አወጧት።

ነሐሴ ሊያልቅ ሲል ደጃዝማቹ መጡ። ሽፈራው ነጭ ካልሲውን ለውጦ ማሳውን ሊያስጎበኛቸው ጫናቸው፤ ከዚያው ቦይ አጠገብ፣ ደጃዝማቹ ካባቸውን ሰብስበው እንደተቀመጡ፣ ጂፒቱ ሁለት ጎማዋን እያሽከረከረች ቆመች። ሽማግሌው የጎማውን ድምፅ ሰሙ። ከዚያ ይህች ነገር ሁልጊዜ እንዲህ ናት ወይ ብለው የጠየቁት እኔን ነበር። እኔም የአብዱረዛቅን ነገር አንድ ሳላስቀር ነገርኳቸው፤ ቀጥቃጭ የተባለውንም ጨምሬ። የነገርኳቸው ለእርሻው አስቤ ወይም ለአብዱረዛቅ አዝኜ አይደለም። የሽፈራው ጆሮ ሲቀላ ማየት ፈልጌ ነው፤ ቀላም። ደጃዝማቹ በዚያው ቀን ሰውየው እንዲጠራ አዘዙ።

አብዱረዛቅ አሥራ አንድ ቀን ፈጀበት። የኋላውን ዲፈረንሻል አውርዶ በተነው፤ የካሚዮኑን መቆለፊያ በሞረድ እየሳለ፣ እየለካ፣ እንደገና እየሳለ አገባው። መቆለፊያው ሁለቱን ሴሚያስ፣ ማለት ከዲፈረንሻሉ ወደ ግራና ቀኝ ጎማ የሚሄዱትን ዘንጎች፣ አንድ ላይ የሚያስር ጥርስ ያለው ቀለበት ነው። ቀለበቱን የሚገፋ ማንሻ ከሾፌሩና ከጎኑ ካለው ወንበር መሀል አቆመ፤ ወደ ፊት ሲገፋ ይቆልፋል፣ ወደ ኋላ ሲሳብ ይፈታል። ሲጨርስ ሽፈራውን አስጠርቶ እኔም ባለሁበት ነገረው። ጭቃው ውስጥ ሳይገቡ ቆመው ይቆልፉ፤ ተቆልፎ ቀስ ብለው ይንዱ፤ ጠንካራ መሬት እንደረገጡ ወዲያው ይፍቱ። ተቆልፎ ደረቅ መንገድ ላይ ከወጡ፣ መታጠፊያ ላይ መሪው እሺ አይልዎትም፤ ከኋላ ሁለቱ ጎማ ቀጥታ ይገፋዎታል፣ ብረትም ይሰበራል። ሽፈራው ሰዓቱን እያየ ነበር።

ሥራው ግን ሠራ። እኔ ራሴ ነኝ የሞከርኩት። ቦዩ ጋ ቆሜ ቆለፍኩ፤ ከታች ‘ቀጭ’ የሚል ድምፅ መጣ። የኋላው ቀኝ ጎማ እንደ ልማዱ ቦዩ ውስጥ ገብቶ ተንጠለጠለ፤ ጂፒቱ ትንሽ አጉረመረመች፣ ግራው መሬቱን ነከሰ፣ እንደ ሽማግሌ ቀስ ብላ ተነሥታ ወጣች። ማሳው ዳር ቆመው ይሳለቁ የነበሩት አራሚዎች ጠጋ ብለው ከሥሯ አዩ። ነጅሙዲን ብቻ በሬዎቼ አረፉ አለ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ መቆለፊያው የሽፈራው ሆነ። ለአዲስ አበባ በጻፈው ደብዳቤ ‘ባደረግሁት ጥናት መሠረት’ ብሏል፤ ደብዳቤውን ፖስታ ቤት ያደረስኩት እኔ ነኝ፣ ሳይታሸግ አንብቤዋለሁ። ጥቅምት ላይ ዘግይቶ የመጣ ዝናብ ማሳውን አጨቀየው፤ በዚያው ሳምንት ሦስት ጓደኞቹን ከአዲስ አበባ ጠራ፤ ሦስቱም ባለ ክራቫት። እንዲያዩለት ፈልጎ እንጂ ሌላ ጉዳይ አልነበራቸውም። ጭቃው ውስጥ ወዲያና ወዲህ አመላለሳቸው። ቆለፈ፣ ገባ፣ ወጣ። አጨበጨቡለት። ከዚያ ሙቀቱ በዛ፣ ጣርማ በር ወጥተን ብርዱን እናግኝ ተባለ። ሽፈራው መሪውን ያዘ፤ እኔ ከኋላ ከሁለቱ እንግዶች ጋር ተጠጋግቼ ተቀመጥኩ።

ዋናውን መንገድ ስንይዝ ማንሻውን አየሁት። ወደ ፊት እንደተገፋ ነው። አልፈታውም።

እዚህ ላይ ቶሎ ማለፍ ብችል ደስ ባለኝ። ከሸዋ ሮቢት ከተማ እስክንወጣ መንገዱ ቀጥ ያለ ስለሆነ ምንም አልተሰማም። ዳገቱ ሲጀምርና መንገዱ መጠማዘዝ ሲይዝ፣ ከኋላ ጎማው መንገዱ ላይ እየተፋቀ ይጮህ ጀመር፤ እንደ ተጎተተ አልጋ። ሽፈራው መሪውን እየታገለ ለእንግዶቹ ይስቅ ነበር። ከፊት የተቀመጠው እንግዳ ይህ ማንሻ ምንድን ነው ብሎ ሲጠይቀው፣ ኃይል ነው አለው፤ ኃይል ካለህ ለምን ትፈታዋለህ አለው። ይህንን በጆሮዬ ሰምቻለሁ። አንድ ቃል ብናገር፣ ‘ጌታዬ ማንሻው’ ብል፣ በቂ ነበር። አልተናገርኩም። ደብዳቤው ትዝ ይለኝ ነበር። እንግዶቹ ፊት ይዋረድ፣ መሪው እንቢ ይበለውና ወርዶ ላብ ይጥረግ፣ የፈለግሁት ይህንን ነው። የፈለግሁት በሰው ነፍስ ላይ መሆኑን አላሰብኩም።

አርማንያን አልፈን፣ ወደ ቀኝ የሚታጠፍ ጠባብ መታጠፊያ ላይ፣ ሽፈራው መሪውን እስከ ጫፍ ጠመዘዘ፤ ጂፒቱ ግን ቀጥታ ሄደች። በስተግራ ተራራው ነበር እንጂ ገደሉ ቢሆን ኖሮ ይህንን የሚያወራ ሰው አይኖርም። ቦዩን ዘላ ከድንጋዩ ጋር ተላተመች፤ ያን ጊዜ ከሥራችን እንደ ጥይት የሚጮህ ነገር ተሰበረ። ከፊት የተቀመጠው እንግዳ ቅንድቡ ተቀደደ። ሌላው ሰው ደህና ነበር። ሽፈራው ከወንበሩ ሳይወርድ፣ እጁን ከመሪው ሳያላቅቅ፣ መጀመሪያ የተናገረው “ያ ቀጥቃጭ ሊገድለን ነበር” የሚል ነው።

በማግስቱ የእርሻው ዘበኞች ጀውሃ ሄደው አብዱረዛቅን ከሥራው ላይ አንሥተው አመጡት። ሽፈራው ሆን ብሎ ያበላሸ ነው አለ፤ ደጃዝማቹ እስኪመጡ ድረስ እጁ ታስሮ ጥጥ ማከማቻው ውስጥ እንዲቆይ አደረገ። አራት ሌሊት አደረ። ሚስቱ ሐጂራ በየቀኑ ከጀውሃ በካሚዮን እየተሳፈረች፣ ስድስቱን ኪሎ ሜትር ጭቃ በእግሯ እየረገጠች ምግብ ታመጣለት ነበር። ዘበኞቹ ምግቡን ተቀብለው እሷን ይመልሷታል። በእነዚያ አራት ቀናት በዚያ በር ብዙ ጊዜ አልፌአለሁ። ገብቼ አላየሁትም።

በአምስተኛው ቀን ደጃዝማቹ መጥተው ሰገነቱ ላይ ተቀመጡ። ከአርማንያ ተጎትታ የመጣችው ጂፕ ግቢው መሀል ቆማለች። ሽፈራው የሚያምር ንግግር አደረገ፤ ያልተማረ ሰው እጅ በዘመናዊ ማሽን ላይ ሲገባ ምን እንደሚሆን አስረዳ። አብዱረዛቅ ተራው ሲደርስ የተናገረው አንድ ነገር ነው፤ ማንሻው ተፈትቶ ነበር ወይስ ተቆልፎ፣ ሾፌሩ ይጠየቅልኝ አለ።

ደጃዝማቹ ወደ እኔ ዞሩ። “ከኋላው ተቀምጠሃል። ማንሻው የት ነበር?”

ሽፈራው አየኝ። አብዱረዛቅ አላየኝም፤ መሬት መሬት ያይ ነበር። ማንሻውን አይቻለሁ ካልኩ፣ አይተህ ለምን ዝም አልክ እባላለሁ። ከሥራ እወጣለሁ፤ ምናልባትም እኔ ነኝ ወደ ማከማቻው የምገባው። ይህንን ሁሉ ያሰብኩት ባንድ ትንፋሽ ነው።

“አላየሁም፣ ጌታዬ” አልኩ።

አብዱረዛቅ ራሱን ነቀነቀ፤ የጠበቀውን መልስ እንደሰማ ሰው። እጄ ይፈታልኝና ዲፈረንሻሉን እዚሁ እርስዎ ፊት ልክፈተው፣ ጥፋቴ ከሆነ ብረቱ ይናገራል አለ። ሽፈራው ተቃወመ፤ ደጃዝማቹ በእጃቸው ዝም አሰኙት።

አንድ ሰዓት ያህል ፈጀ። በጭቃ የተለወሰውን ክዳን ፈትቶ፣ ዘይቱን በገበቴ ተቀብሎ፣ ደጃዝማቹ ሰገነቱን ወርደው እንዲያዩ ጠራቸው። ጥርስ ያለው ቀለበት በተቆለፈበት ቦታ ላይ ጥርቅም ብሎ ተይዟል፤ በመዶሻ እንኳ አልመለስ አለ። የተሰበረውን ሴሚያስ አውጥቶ አሳያቸው፤ ከስብራቱ በፊት እንደ ተጠመዘዘ ጨርቅ ዞሯል። የእኔ ብረት ደህና ነው አለ፤ የያዘውን አልለቀቀም። የተሰበረው፣ ተቆልፎ ደረቅ መንገድ ላይ የታጠፈው ዘንግ ነው። እንዲህ እንደሚሆን ለአቶ ሽፈራው ነግሬአለሁ አለ።

ደጃዝማቹ ሴሚያሱን በጣታቸው ዳሰሱት። ሽፈራውን ምንም አላሉትም። ወደ እኔ መጥተው፣ እንደ ዕቃ ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ።

“አንተ ሾፌር ነህ ወይስ ሻንጣ?” አሉኝ።

አብዱረዛቅ በዚያው ተለቀቀ። ይቅርታ የጠየቀው የለም። ሽፈራው በወሩ ወደ አዲስ አበባው ዋና ቢሮ ተዛወረ፤ የበለጠ ወንበር፣ የበለጠ ደመወዝ፣ ጭቃ የሌለበት። እንዲህ ያለውን ሰው የሚቀጡት እንደዚያ ነበር። ሻንጣውን ጭኜ እስከ አውቶቡሱ ያደረስኩት እኔ ነኝ፤ በሩንም ከፈትኩለት።

ኅዳር መጨረሻ ላይ አንድ እሑድ ጀውሃ ሄድኩ። አብዱረዛቅ ካሚዮን ሥር ተኝቶ ነበር፤ እግሩ ብቻ ይታያል። አጠገቡ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ማውራት ጀመርኩ። ስለ ሽፈራው ነበር ያወራሁት። ካልሲውን፣ ደብዳቤውን፣ ኃይል ካለህ ለምን ትፈታዋለህ ያለውን፣ ድንጋዩን ከመታ በኋላ መሪውን እንዴት አልለቅ እንዳለ። እንዲስቅልኝ ፈልጌ ድምፁን አስመስዬ ተናገርኩ። ከካሚዮኑ ሥር የመፍቻ ድምፅ ብቻ ይሰማል። ብዙ ካወራሁ በኋላ የመፍቻው ድምፅ ቆመ።

“ማንሻውን አይተኸው ነበር” አለ። አንተ አለኝ፤ ከዚያ በፊት እንዲያ ብሎኝ አያውቅም።

አዎ አልኩት። ፈርቼ ነው አልኩት።

“የፈራ ሰው አልንቅም፤ ወላሂ እኔም ያን ቀን ፈርቻለሁ” አለ፤ አሁንም አልወጣም። “ያ ሰውዬ ግን የናቀኝ ፊት ለፊት ነው። አንተ በሩን እየከፈትክለት፣ አውቶቡሱ ከሄደ በኋላ ትንቀዋለህ። አሁን መጥተህ እሱን ስትሰድብልኝ ምን እንድሰጥህ ነው?”

ከዚያ በኋላ ስንት ዓመት ሙሉ፣ መሪ ይዤ ብቻዬን ስሄድ፣ ለዚህ ጥያቄ ብዙ መልስ አግኝቻለሁ። መፍቻው እንደገና ሥራውን ጀመረ። ተነሣሁ።

ሐጂራ ከጋራዡ ጀርባ ካለው ቤት በቅል ውሃ ይዛ ወጣች፤ እንግዳ ነኝና። በሁለት እጇ ሰጠችኝ። ፊቷን ግን ወደ መንገዱ አዙራ ነበር። ጠጥቼ ቅሉን ስመልስላት፣ ወደ ሸዋ ሮቢት የሚሄደው አውቶቡስ አልፏል፣ በእግርዎ የሚሄዱ ከሆነ ፀሐዩ ሳይከር ይነሡ አለችኝ። አመሰግናለሁ ብዬ መንገዱን ያዝኩ።